ቅማል የተፈጠረበት ምክንያት

አንኮበር የደረስኩት በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ አዲስ አስተማሪ ሆኜ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ በሾፌሩና መንገዱን ሁሉ ስታስመልስ በመጣች ሴትዮ መሐል ተጣብቄ ነው። ከደብረ ብርሃን ስነሳ ብርድን የማውቅ መስሎኝ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ደረቅ ነው፤ ይቆነጥጥና ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። የአንኮበር ጭጋግ ከቆላው ይነሳና ገደሉን እየታከከ ወጥቶ ሳያንኳኳ ቤት ይገባል። ብርድ ልብሱን ያረጥባል፣ ጠመኔውን ያረጥባል፣ ክብሪቱን አልቀጣጠል ያሰኘዋል። ጎረቤላ የሚባለው ገበያ ዳር ሻንጣዬን ይዤ ስወርድ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። እንደማይኖር አውቅ ነበር፤ ዓይኔ ግን ይፈልግ ነበር።

እናቴን አላውቃትም። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ጥሩ ሴት ነበረች፤ አብልታ፣ አልብሳ፣ አስተምራኛለች። እጇ ግን ለሥራ እንጂ ለመዳበስ የሚፈታ አልነበረም። ፀጉሬን እንኳ የምትሠራኝ በግ እንደሚሸልት ሰው እየቸኮለች ነበር። ስለዚህ ብቸኝነትን አንኮበር አልሰጠኝም፤ ይዤው ነው የሄድኩት። አንኮበር ያደረገው ነገር ቢኖር አንድ ክፍል ሰጥቶ እኔን ከእሱ ጋር መዝጋቱ ነው።

ክፍሉን ያከራዩኝ አንድ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ከእሳቸው ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘች፣ ወለሏ በእበት የተለቀለቀ፣ መደብ ያላት ጠባብ ክፍል ነበረች። የመጀመሪያውን ሌሊት እንዴት እንዳደርኩ አልተርክም። ጠዋት እግሬን ሳየው ኩፍኝ የወጣብኝ መሰለኝ። ተናድጄ ወጣሁና አባን ደጃፋቸው ላይ ዳዊታቸውን ሲደግሙ አገኘኋቸው። እስኪጨርሱ እንኳ አልጠበቅኩም።

«አባ፣ ቤቱ ቁንጫ አለው» አልኳቸው።

«አለው እንጂ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ከእኔ በፊት የገባ ነው። ባለቤቱ እሱ ነው፤ እኔም ተከራዩ ነኝ።»

ቀልድ መሆኑ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አባ እንደዚያ ነበሩ፤ ፊታቸው ሳይፈታ ያስቁ ነበር። ዳዊታቸውን አጥፈው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱና አጠገባቸው እንድቀመጥ በእጃቸው አሳዩኝ። እግዚአብሔር በከንቱ የፈጠረው ፍጥረት እንደሌለ አስረዱኝ። ግማሹ ለምግበ ሥጋ ነው፤ ይበላል። ግማሹ ለምግበ ነፍስ ነው፤ ነፍስን ይጠቅማል። የቀረው ደግሞ ለአንክሮና ለተዘክሮ ነው፤ እያዩት ይደነቁበታል፣ ፈጣሪንም ያስቡበታል።

«ታዲያ ቁንጫ ከየትኛው ነው?» አልኳቸው እግሬን እያከክሁ።

«ለተዘክሮ ነዋ! ለሰዓታት ማን የሚቀሰቅሰኝ መሰለሽ? ደወሉን አልሰማው፣ ባለቤቴ አትቀሰቅሰኝ። እሱ ነው ‹ተነሳ፣ አመስግን› የሚለኝ።»

«ትኋንስ?»

«ትኋን እንግዳ ቶሎ እንዲሄድ ነው።»

«ዝንብስ አባ?»

«እሱን ፈርዖንን ጠይቂው፤ እሱ በደንብ ያውቃል።»

«እሺ፣ እኛስ ለቁንጫው ምኑ ነን?»

አባ «እኛማ ለእሱ ምግበ ሥጋ ነን» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ቁንጫ ተከስሰው አያውቁም፤ እኔም ከሳሽነቴን ተውኩት።

የገበያ ቀን ሲሆን ከቆላው፣ ከአልዩ አምባ ጨውና በርበሬ በአህያ ጭነው የሚወጡ አንድ ነጋዴ ነበሩ፤ አቀበቱን ጨርሰው ገበያ ከመግባታቸው በፊት አባ ደጅ አረፍ ይሉ ነበር። ሙስሊም ናቸው፤ ከአባ ጋር የልጅነት ወዳጆች ናቸው። አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም እንጂ ሌላ የማይካፈሉት ነገር አልነበረም። ጨዋታቸው በግድግዳው ዘልቆ ይሰማኛል። አንድ ቀን ነጋዴው ከተነጠፈላቸው የሱፍ ባና ላይ እንደተቀመጡ ዘለው ተነሱ።

«እናንተ ደጋዎች በዚህ ቁንጫ ታማርራላችሁ» አሉ እየተራገፉ። «ወላሂ ከእኛ ትንኝ ጋር አንድ ሌሊት ብታድሩ ቁንጫችሁን ትስሙት ነበር።»

«ትንኝ ለምን ተፈጠረች በእናንተ?» አሏቸው አባ።

ነጋዴው ነገሩ። ናምሩድ የሚባል ንጉሥ ነበረ፤ ጌታ እኔ ነኝ አለ። አላህ አንበሳ አላከበትም፣ ዝሆን አላከበትም። አንዲት ትንኝ ላከበት፤ በአፍንጫው ገብታ ጭንቅላቱ ውስጥ ስትጮህበት ራሱን በጫማ እያስመታ ሞተ። «ትልቁን በትንሹ ያዋርደዋል» አሉ ነጋዴው። «ለዚህ ነው የተፈጠረችው።»

«እንግዲያው ትንኟ እስላም ነበረች በለኛ።»

«ሙስሊም ነች እንጂ! አላህ ያዘዛትን አደረገች።»

«እንግዲያው የእኔም ቁንጫ ክርስቲያን ነው። ለጸሎት ይቀሰቅሰኛል።»

ነጋዴው፣ «ታዲያ አባ፣ ረቡዕና ዓርብ ደም ይጠጣል ወይ?» ብለው ጠየቁ።

አባም፣ «እሱንማ የንስሐ አባቱ ይወቅበት» አሉና ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ከግድግዳው ወዲህ፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ አፌን በነጠላዬ ይዤ ሳቅሁ። ብቻውን የሳቀ ሰው ያውቀዋል፤ ሳቁ ካለቀ በኋላ ክፍሉ ከበፊቱ የባሰ ዝም ይላል። አብሬያቸው ልስቅ ብዬ ወጣሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከመቀመጫቸው ተነሱልኝ። «ኖር፣ ነይ አስተማሪዋ፣ እዚህ ላይ ተቀመጪ» አሉኝ፤ ጨዋታውም እዚያው ቆመ። ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቁኝ፣ ስለ መንግሥት ደመወዝ ጠየቁኝ፤ ስለ ቁንጫ ግን ከእኔ ጋር ማውራት ነውር ሆኖባቸው ዝም አሉ። መንደሩ ሁሉ እንደዚያ ነበር። ይነሱልኛል፣ ይሰግዱልኛል፣ መንገድ ይለቁልኛል። አጠገቤ የሚቀመጥ ግን አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር እኔም አልረዳኋቸውም። በክፍል ውስጥ የማስተምረው የንጽሕና ትምህርት ነበር፤ ቅማል ተስቦ እንደሚያመጣ፣ ዝንብ ተቅማጥ እንደሚያመጣ በሰሌዳ ላይ ሥዕላቸውን እየሣልኩ አስረዳለሁ። የሣልኳት ቅማል ግልገል ታክላለች፤ ተባይ የሚገዝፈው በቆላ ነው የሚሉት የኋላ ወንበር ልጃገረዶች «ይህችስ የአልዩ አምባ ናት» ብለው ይስቃሉ። ራሴን በየሳምንቱ በሳሙና እታጠብና ለጥንቃቄ ላምባ እቀባ ነበር። ስለዚህ እኔ ስመጣ ከእኔ በፊት የላምባ ሽታዬ ይደርሳል። የአባ ባለቤት ጨዋ ሴት ናቸው፤ አንድ ቀን ግን አላስችል ብሏቸው፣ «ልጄ፣ ምድጃው አጠገብ እንዳትቀመጪ፣ እፈራልሻለሁ» አሉኝ። ያን ዕለት ክፍሌ ገብቼ በሬን ዘጋሁ።

ከአባ ግቢ በታች፣ አጥር ብቻ የሚለየን አንዲት አሮጊት ነበሩ። እማማ እንላቸው ነበር። ባላቸው ሞተዋል። አንዲት ልጃቸው መዘዞ ተድራ ከሄደች ወዲህ ብዙም አትመጣም። ዓይናቸው ደመና ጥሎበት ሰውን የሚያውቁት በድምፁ ነበር። ጎጇቸው ወደ ምዕራብ የዞረች ስለሆነች ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ደጃፋቸው ላይ ይተኛል፤ ያ በአንኮበር ትልቅ ሀብት ነው። እዚያ ደጃፍ ላይ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሊቀመሉ ይመጡ ነበር።

አቀማመጡን ዛሬም አየዋለሁ። እማማ ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ። ተረኛዋ መሬት ላይ፣ በጉልበታቸው መካከል ትቀመጥና ራሷን ትሰጣቸዋለች። ሌሎቹ ወረፋ እየጠበቁ ዙሪያውን አርፈው ይጫወታሉ። የእማማ ዓይን አያይም፤ ጣታቸው ግን ፀጉሩን እየከፈለ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ይለቅማል። የተቀመጠችው ሴት መጀመሪያ ታወራለች፣ ከዚያ ድምፅዋ ይቀንሳል፣ ከዚያ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሌላ ቦታ የማይወራው ሁሉ እዚያ ይወራል፤ ባሏ የመታት፣ ያልታረቀች፣ የፀነሰች፣ ያስወረዳት። አባ፣ «የንስሐ ልጆቼ ኃጢአታቸውን ለእሷ ተናዝዘው ይጨርሱና ለእኔ ትርፍራፊውን ያመጡልኛል» ይሉ ነበር።

በሰንበት ቅማል መግደል ሥራ ነው አይደለም የሚል ክርክር ተነስቶ አባ ፍርድ ሰጥተው ነበር። መልቀም ሥራ አይደለም፤ መደፍጠጥ ግን ሥራ ነው አሉ። ስለዚህ እማማ እሑድ እሑድ የለቀሟቸውን በትንሽ ቅል ውስጥ ከተው ክዳኑን ይጭኑና ሰኞ ጠዋት ምድጃ ውስጥ ያራግፏቸዋል። አንድ እሑድ ወረፋ ከሚጠብቁት አንዷ እግሯን ስትዘረጋ ቅሉን ገለበጠችው። የተነሳውን ግርግር አትጠይቁኝ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን እያነሱ ሲዘሉ፣ እማማ ከድንጋያቸው ሳይነሱ፣ «አይዟችሁ፣ የማንም አይጠፋም፤ ሁሉም ባለቤቱን ያውቃል» ይላሉ። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። ልብስ የማሰጣ መስዬ ነው የቆምኩት፤ የማሰጣው ልብስ ግን ከጠዋት የደረቀ ነበር።

ቅማል ለምን እንደተፈጠረ የእማማን ቃል የሰማሁት እዚያው አጥር ላይ ነው። አባ በመንገዱ ሲያልፉ ስለ አንክሮና ስለ ተዘክሮ ለሴቶቹ ሲነግሩ፣ እማማ አቋረጧቸው።

«እኔ የማውቀው ሌላ ነው» አሉ። «አዳምና ሔዋን ከገነት የወጡ ዕለት ተኳረፉ። እሱ ‹አንቺ ነሽ ያበላሽኝ› ይላል፤ እሷ ‹አፍህን ማን ከፈተልህ› ትላለች። እሱ ከዛፉ ወዲህ፣ እሷ ከዛፉ ወዲያ ሆነው ጀርባ ተሰጣጡ። መሸ፣ አይነጋገሩም። ነጋ፣ አይነጋገሩም። እግዚአብሔር አያቸውና ‹ከእኔ ተለይተዋል፤ እርስ በርስም ከተለያዩ ምን ሊቀራቸው ነው?› ብሎ አዘነ። አንዲት ቅማል ፈጠረና ሔዋን ራስ ላይ፣ ዓይኗ ከማይደርስበት ቦታ አስቀመጣት። ሔዋን ብታክ፣ ብታክ አልሆነላትም። አዳም እያየ ዝም አለ፤ ኋላ ግን አላስቻለውም። ‹ወዲህ በይ፣ ልይልሽ› አላት። ይኸው ነው የቅማል ነገር።»

«ይህ ደግሞ በየትኛው መጽሐፍ ነው ያለው?» አሉ አባ።

«መጽሐፍ የሚጽፈው ወንድ ነው» አሏቸው እማማ፤ ጣታቸው ሥራውን አላቆመም። «ሲጽፍ ራሱን ማን ይቀምለው እንደነበር ይረሳዋል።»

ሴቶቹ አውካኩ። አባም ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ጣል አድርገው እየሳቁ ሄዱ። እማማ በዚያው አንገታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። እንዴት እንዳወቁኝ እንጃ፤ ሽታዬ ይሆናል።

«ነይ አስተማሪዋ፣ አንቺንም ልይልሽ።»

«የለኝም እማማ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ አልነበረኝም። ወረፋ የሚጠብቁት ልጃገረዶች ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ልብሴን ሰብስቤ ገባሁ። እስኪመሽ ድረስ የደጃፉ ወሬ በመስኮቴ ይገባ ነበር፤ እኔም ያረምኩትን ደብተር መልሼ አርም ነበር። ቅማል ባለመኖሩ የሚያዝን ሰው ይኖራል ብትሉኝ አላምንም ነበር፤ ያን ማታ ግን አዝኛለሁ።

በሚቀጥለው ክረምት ተስቦ ገባ። ከቤት ወደ ቤት ሄደ። ከክፍሌ አንዲት ልጅ ወሰደብኝ፤ ሥዕሌን አይታ «ይህችስ የአልዩ አምባ ናት» ያለችውን ነው። መንገዱ እንደደረቀ የጤና ሰዎች ከደብረ ብርሃን መጡ። ሕዝቡን ገበያው ሜዳ ላይ አሰልፈው፣ እንደ ብስክሌት መንፊያ ባለ ነገር ነጭ ዱቄት በአንገት፣ በእጅጌ፣ በፀጉር ውስጥ ነፉብን። ዲዲቲ ነው አሉ። መንደሩ ሁሉ ከወፍጮ ቤት የተመለሰ መሰለ። አባ ጥምጥማቸውን ፈትተው ሲነፋባቸው፣ «ምግበ ሥጋ ከመሆን ዛሬ ተገላገልኩ» አሉ። ቤቱም፣ ባናውም፣ መደቡም ተነፋ። እማማም ተሰልፈው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ዱቄታቸውን ተቀበሉ።

ቅማሉ ጠፋ። ቁንጫውም ጠፋ። ተስቦውም ቆመ። ዛሬም ቢሆን ዱቄቱ ባልመጣ አልልም፤ ያችን ልጅ ቀድሞ ቢደርስላት ኖሮ ዛሬ የልጅ ልጅ ታይ ነበር። አባ ግን ቁንጫው በጠፋ ሳምንት ሰዓታቱ አመለጣቸው። ፀሐይ ወጥታ ሲነቁ የቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት ተጨርሶ ነበር። ነጋዴው ይህን ሲሰሙ አህያቸውን ትተው መሬት ላይ ተቀምጠው ሳቁ። «ክርስቲያኑ ሞተብህ!» አሏቸው። አባም አብረው ሳቁና፣ ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸው እንዲቀሰቅሷቸው ለመኗቸው።

እማማን ግን የሚተካላቸው ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ሴቶቹ ለወጉ ብቅ ይሉ ነበር። ሁለቱም ወገን ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። ቆመው ደኅንነት ይጠይቃሉ፣ ይሄዳሉ። መሬት ላይ፣ በሰው ጉልበት መካከል፣ ያለ ምክንያት ሄዶ የሚቀመጥ ማን አለ? በዚያ ላይ ልጃገረዶቹ ሌላ ነገር ተምረዋል። ከእንግዲህ ስትቀመል የታየች ልጅ ቅማላም ናት፤ ዱቄት ያልያዛት ናት። በእማማ ደጅ ሲያልፉ ፈጠን ይላሉ።

እማማ አልተራቡም። ሰፈሩ አላስራባቸውም፤ እንጀራም ጠላም ይደርሳቸዋል። ያመጣው ሰው ደጃፉ ላይ ያስቀምጥላቸውና «እማማ፣ አስቀምጬልዎታለሁ» ብሎ ይሄዳል። እሳቸው እዚያው ድንጋይ ላይ፣ እዚያው ፀሐይ ውስጥ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ይቀመጣሉ። ጣታቸው ዝም ማለት አልለመደም፤ የነጠላቸውን ጥለት እየከፈለ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። የእግር ኮቴ ሲሰሙ ቀና ይላሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ስታክኪ ሰማሁሽ እኮ!» ይላሉ።

«አላከክሁም እማማ፣ ዱቄት አለኝ» ትላለች ልጅቷ፤ ታልፋለች።

አንድ ቀን አባን አስቁመው፣ «አባ፣ ቅማል እንግዲህ ላይመለስ ነው?» ብለው ሲጠይቋቸው ሰማሁ። አባ በልማዳቸው ሊቀልዱ አፋቸውን ከፈቱ፤ የእማማን ፊት ሲያዩ ግን ተውት። «እንጃ ልጄ» ብቻ አሉ። እማማ በዕድሜ አባን ይበልጧቸዋል፤ አባ «ልጄ» ያሏቸው ሌላ ቃል ጠፍቷቸው ይመስለኛል።

እኔም በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ በዚያ አልፋለሁ። አሁን ደጃፉ ባዶ ስለሆነ አጥር ላይ የምቆምበት ምክንያት የለም። ክፍሌ እገባለሁ፤ ቁንጫ እንኳ የለበትም። አንድ ነፍስ ያለው ነገር አብሮኝ አያድርም። ይህን ለሰው ብናገር እብድ እባላለሁ ብዬ ዝም አልኩ። እማማን ሳያቸው ግን ይቆጨኝ ጀመር፤ ቁጭቱ ለእሳቸው ይሁን ለራሴ መለየት አቃተኝ። እኔ ከድሮም ማንም የማይነካኝ ሴት ነኝ፤ ለምጄዋለሁ። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው በጉልበታቸው መካከል ሲቀመጥ የኖሩ ናቸው፤ በእርጅናቸው ሊለምዱት አይችሉም። እንዲህ በባዶ ደጅ ፊት ሆነው አንድ ቀን ሲሞቱ ምግብ ያመጣ ሰው ነው የሚያገኛቸው እያልኩ አስብ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ገና ከቆላ አልተነሳም ነበር፤ ፀሐዩ ደጃፋቸው ላይ ነበር። አስቤበት አይደለም። የአባን በር አልፌ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። በዚያ ሳምንት ላምባ አልተቀባሁም ነበር፤ ስለዚህ አላወቁኝም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ፤ አስተማሪዋ። ራሴን ያሳክከኛል።»

በደመነው ዓይናቸው ወደ ድምፄ ሲያዩ የምስቅባቸው መስሏቸው እንደሆነ ፈራሁ።

«አንቺን?» አሉ።

«አዎ።»

«ዱቄት የለሽም?»

«አለኝ። ያሳክከኛል።»

እጃቸውን ዘረጉ። ነጠላዬን ገፍፌ፣ ፊቴን ወደ ገደሉ አዙሬ፣ መሬት ላይ በጉልበታቸው መካከል ተቀመጥኩ። የንጽሕና አስተማሪዋን መንደሩ ሁሉ ያያታል ብዬ አንገቴ ደነደነ። አባ ከበራቸው ብቅ ብለው አዩኝና ተመለሱ። የእማማ ጣቶች ፀጉሬ ውስጥ ገቡ። ቀዝቃዛ፣ ደረቅ፣ ቀላል ጣቶች ናቸው። ከግንባሬ ጀምረው እየከፈሉ ሄዱ፣ ከጆሮዬ ጀርባ ቆሙ፣ ተመለሱ። አይቸኩሉም። የአክስቴ እጅ ትዝ አለኝ፣ ከዚያ ማንነቷን የማላውቃት እናቴ ትዝ አለችኝ፤ የማያውቁት ሰው እንዴት ትዝ ይላል አትበሉኝ፣ ትዝ አለችኝ። እንባዬ መጣ። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ እንዳይሰማቸው ብይዘውም ሰሙት።

«ስትቀመል የማታለቅስ ሴት አላየሁም» አሉኝ። «ዝም ብለሽ አልቅሺ። እኔ ሥራዬን ልሥራ።»

አለቀስኩ። እሳቸው ሥራቸውን ሠሩ። ቆይተው ጠየቁኝ፤ እናቴ አለች ወይ፣ ለምን ባል የለኝም፣ ማታ ምን እበላለሁ፣ በሬን ከውስጥ እዘጋለሁ ወይ። ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። ምን ምን እንዳልኩ ዛሬ ሁሉንም አላስታውስም። ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ተነስቶ የታችኞቹን ቤቶች ሲሸፍን፣ ፀሐዩም ከደጃፉ ሲለቅ ትዝ ይለኛል። ያኔ ጣታቸው ከማጅራቴ በላይ ድንገት ቆመ።

«አገኘሁ!» አሉ።

«ምን?»

«አንድ። ትልቅ ነው።»

ደነገጥኩ። «ታዲያ ይግደሉት እንጂ!»

ጣታቸው ፀጉሬ ውስጥ ትንሽ ተራወጠ። «ወይ! አመለጠኝ» አሉ። «ብርዱ ጣቴን ይዞታል። ዛሬ አልሆነልኝም። ነገ ነይ፣ እይዘዋለሁ። ዘሩን ሳይጥል ነገ መምጣት አለብሽ።»

በማግስቱ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት መስኮቴን ከፈትኩና ነጭ ነጠላዬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለውን ማበጠሪያዬን ይዤ ከማጅራቴ ጀምሬ ራሴን አበጠርኩ። ነጠላው ላይ የወደቀ የለም። ደግሜ አበጠርኩ። ማበጠሪያውን ብርሃኑ ላይ ይዤ አየሁት፤ ከዱቄቱ ብናኝ በቀር ምንም አልነበረበትም። ነጠላውን አራግፌ ለብሼው ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ እማማ ድንጋያቸው ላይ ነበሩ። ከፊታቸው፣ ትናንት በተቀመጥኩበት ቦታ፣ አጎዛ ተነጥፏል። ኮቴዬን ሲሰሙ ቀና አሉ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«በላሽ?»

«ሲበላኝ ነው ያደረው እማማ» አልኳቸው። «ዓይኔን አልከደንኩም።»

«ብዬሽ አልነበር» አሉና ለራሴ እጃቸውን ዘረጉ።